ለሁሉም ያልተነገረ ማስታወቂያ



በሀገራችን የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች ውስጥ እንደ ዘፈን አዝማች የሚመላለስ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «በስክሪኑ ላይ በሚታየው ስልክ ቁጥር ይደውሉ» የሚል። ተራኪው ስለ ዕቃው ወይም ስለ አገልግሎቱ ብዙ ሲናገር ይቆይና ገዢና ሻጭ የሚገናኙበት ዋናው መረጃ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ቁጥሩ ለዓይን ብቻ ይተዋል። ማየት የተሳነው ሰው እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ከማንም እኩል ሲከታተል ነበር፤ የሚፈልገው ነገር ላይ ሲደርስ ግን ማስታወቂያው ያልቅበታል። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። የሚስቁ፣ የሚጨፍሩ፣ የቤት ቁልፍ የሚረከቡ ሰዎችን ያያል፤ ወለዱ ስንት እንደሆነ፣ ቅናሹ መቼ እንደሚያበቃ፣ ምዝገባው የት እንደሚካሄድ የሚናገረው ድምፅ ግን አይደርሰውም። በመጨረሻ አንድ ስልክ ቁጥር ይታየዋል፤ እሱም ደውሎ ሊነጋገርበት የማይችል ቁጥር ነው። ሊደውል የሚችለው ሰው ቁጥሩን አላየውም፤ ያየው ሰው ሊደውል አይችልም።

ዛሬ በፊታችሁ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ማስታወቂያን መስማትና ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ተደራሽ ማድረግ ከቀረጻ በኋላ የሚለጠፍ ጭማሪ ሥራ አይደለም፤ ስክሪፕቱ ሲጻፍ የሚወሰን የሙያ ጥራት ነው። ከቴሌቪዥን ይዘቶች ሁሉ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ማስታወቂያ ነው። ዜና በቀጥታ ይተላለፋል፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ምን እንደሚፈጠርበት አስቀድሞ አይታወቅም፤ ማስታወቂያ ግን አጭር ነው፣ እያንዳንዱ ቃሉ አስቀድሞ ተጽፏል፣ አንዴ ከተሠራ በኋላ ለሳምንታትና ለወራት ይደጋገማል። አንድ ጊዜ በትክክል ከተሠራ በተሰራጨ ቁጥር ለሁሉም ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተም ስሕተቱ በተሰራጨ ቁጥር ይደገማል።

«ማስታወቂያ ነው፣ ባይደርሳቸው ምን ይጎድልባቸዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ማስታወቂያ ምን ምን እንደሚሸከም እንመልከት። አዲስ የቁጠባ ሒሳብ፣ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ የክትባት ዘመቻ፣ የጤና መድን ምዝገባ፣ የኮሌጅ ቅበላ፣ የጨረታ ቀን፣ ከገበያ እንዲሰበሰብ የተወሰነ የምግብ ዘይት፣ ይህ ሁሉ ወደ ሕዝቡ የሚደርሰው በአብዛኛው በማስታወቂያ መልክ ነው። ሰው ዋጋ የሚያወዳድረው በማስታወቂያ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ መስማትና ማየት የሚችል ሸማች ብቻ አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አሁን አንድ የብድር ማስታወቂያ አስቡ። የብድሩ ጥቅም በድምፅ ይነገራል፣ ግዴታው በትንንሽ ፊደል ከግርጌ ያልፋል። ማየት የተሳነው ሰው ጥቅሙን ብቻ ሰምቶ ይነሣል። በማስታወቂያው ውስጥ አንድም የውሸት ቃል ላይኖር ይችላል፤ ለዚህ ሰው ግን አሳሳች ነው። ከሁለቱ አዋጆች በላይ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ። አንቀጽ 9 ለሕዝብ ክፍት የሆነ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ተቋማትም ተደራሽነትን ከግምት እንዲያስገቡ መንግሥታትን ያስገድዳል፤ አንቀጽ 21 መረጃ ተደራሽ በሆነ መንገድ እንዲቀርብ ይጠይቃል፣ መገናኛ ብዙኃንንም በስም ይጠራል። መርሑ አለን ማለት ነው። የጎደለን መርሑን ወደ ስቱዲዮ የሚያወርድ አሠራር ነው።

በሌላው ዓለምም ማስታወቂያ ወደ ኋላ የቀረ ዘርፍ ነው፤ ታሪኩ ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 በቦስተን የሚገኘው የደብሊው ጂ ቢ ኤች ጣቢያ የጁሊያ ቻይልድን የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም በግርጌ ጽሑፍ፣ በተለምዶ ሰብታይትል በምንለው፣ ለሀገሪቱ አሰራጨ። በ1980 ጽሑፉን የሚፈልግ ሰው ብቻ እንዲያየው የሚያስችል አሠራር ተጀመረ፤ ለዚያ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኝ የተለየ መሣሪያ መግዛት ያስፈልግ ነበር። በ1990 የወጣው ሕግ ስክሪናቸው 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆኑ ቴሌቪዥኖች መሣሪያውን ከፋብሪካ በውስጣቸው ይዘው እንዲወጡ አዘዘ፣ ከ1993 ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። በ2006 ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አዳዲስ የእንግሊዝኛ ፕሮግራሞች በሙሉ ጽሑፍ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ይህን ሁሉ ርቀት የተጓዘው ደንብ ግን ማስታወቂያ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ርዝመቱ ከ5 ደቂቃ የማይበልጥ ማስታወቂያ በደንቡ መሠረት እንደ ፕሮግራም አይቆጠርም። ከ5 ደቂቃ በላይ የሚረዝም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ። ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ጽሑፍ ያክላሉ፣ ያልፈለገ ግን አይገደድም። በብሪታንያም የጣቢያዎቹን የግርጌ ጽሑፍ፣ የምልክት ቋንቋና የድምፅ ገለጻ መጠን በመቶኛ የሚወስነው ደንብ የሚቆጥረው ፕሮግራምን እንጂ ማስታወቂያን አይደለም። ብራዚል የተለየ መንገድ መርጣለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮ፣ በጋዜጣና በኢንተርኔት የሚወጡ የንግድ ማስታወቂያዎችን በግልጽ ጠርቶ፣ እንደየመገናኛው ዓይነት ተደራሽ እንዲሆኑ አዟል። በኔ ግምት ለእኛ የሚበጀው የብራዚል መንገድ ነው። ማስታወቂያን ያላካተተ ሕግ ማስታወቂያ ሠሪውን ነፃ እንደለቀቀው ይቆጠራል፤ የአሜሪካና የብሪታንያ ልምድ የሚያሳየው ይህን ነው።

ሕግ ሳያስገድዳቸው የሠሩም አሉ። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ በብሪታንያ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን በቃል የሚገልጽ ትረካ ያላቸውን ማስታወቂያዎች ማሰራጨት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ በኩባንያው ውስጥ የተደራሽነቱን ሥራ የመሩት ሱማይራ ላቲፍ ራሳቸው ማየት የተሳናቸው ናቸው። ፔፕሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ ጨዋታ በፊት በነበረው ስርጭት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ድምፅ አልባ ማስታወቂያ አስተላልፏል። ሁለት ጓደኛሞች ወደ ሦስተኛ ጓደኛቸው ቤት በመኪና ይሄዳሉ፣ ቤቱ ግን የትኛው እንደሆነ ጠፍቶባቸዋል። በምልክት ቋንቋ ይወያያሉ፣ ንግግራቸው በጽሑፍ ይታያል። መላ ይዘይዱና ጥሩምባ እየነፉ በሰፈሩ ያልፋሉ፤ ከአንዱ ቤት በቀር የሁሉም ቤት መብራት ይበራል፣ ያልበራው መስማት የተሳነው ጓደኛቸው ቤት ነው። ሐሳቡን ያፈለቁትም በስክሪኑ የታዩትም የኩባንያው ሠራተኞች ናቸው። ከዚህ ማስታወቂያ የምወስደው ቁም ነገር ቸርነቱን አይደለም። ተደራሽነቱ ታሪኩ ራሱ ነው፤ ጽሑፉን ብታወጡት ማስታወቂያው ይፈርሳል። እርግጥ ነው፣ ድምፅ አልባ በመሆኑ ማየት ለተሳናቸው ምንም አልነገረም። አንዱን በር ሲከፍቱ ሌላውን መዝጋት እንዳይመጣ ማየትንም መስማትንም ከመጀመሪያው አንድ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል።

እንዴት ይሠራል ለሚለው አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ ምሳሌው ፈጠራ ነው፣ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ30 ሰከንድ የባንክ ማስታወቂያ ነው። ሙዚቃው ደምቋል። ተራኪው «ይቆጥቡ፣ እነዚህን ሁሉ ሽልማቶች ያሸንፉ!» ይላል፤ በስክሪኑ ላይ መኪና፣ ማቀዝቀዣና ላፕቶፕ ይሽከረከራሉ። ዝቅተኛው የቁጠባ መጠንና ዕጣው የሚወጣበት ቀን ከግርጌ በቀጭን ነጭ ፊደል ያልፋል። «ለበለጠ መረጃ በስክሪኑ ላይ በሚታየው ቁጥር ይደውሉ» ብሎ ያበቃል። እዚህ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ የተሠራውን ጥፋት ተመልከቱ። «እነዚህን ሁሉ» የሚለው ቃል ለማያይ ሰው ባዶ ነው። «ይቆጥቡ፣ ያሸንፉ» የሚለው ጥሪ ለማይሰማ ሰው አልተነገረም። አሁን ስክሪፕቱን እንደገና እንጻፈው። ተራኪው «መኪና፣ ማቀዝቀዣ፣ ላፕቶፕ» ብሎ ይጥራ፤ «እነዚህን ሁሉ» ከማለት የሚረዝመው በአንድ ሰከንድ ነው። ዝቅተኛውን ገንዘብና ቀኑን ይናገር። ብዙ ተቋማት ባለ 3 ወይም ባለ 4 አኃዝ አጭር ቁጥር አላቸው፤ እሱን ማንበብ ጊዜ አይፈጅም። ባለ 10 አኃዙንም በዝግታ ለማንበብ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ሰከንዱ የሚገኘው ደግሞ ምንም መረጃ ከማይዙት ቅጽሎች ላይ ነው። በስክሪኑ በኩል ተራኪው የሚለው ሁሉ በጉልህ ፊደል፣ ከጀርባው ጥቁር መደብ ተነጥፎለት ይጻፍ፤ ይህ ዓይናቸው ለደከመም ይጠቅማል። ከስልክ ቁጥሩ ጎን የአጭር መልእክት ወይም የቴሌግራም አድራሻ ይቀመጥ፣ መደወል የማይችለው ሰው በጽሑፍ እንዲጠይቅ። ለዚህ ሁሉ አዲስ ማሽን አላስፈለገም። ጽሑፉ ከምስሉ ጋር አብሮ የታተመ ስለሆነ ተመልካቹ የተለየ መሣሪያ አይሻም፤ ገለጻው ከትረካው ጋር አብሮ የተጻፈ ስለሆነ ጣቢያው ሁለተኛ የድምፅ መስመር መክፈት አይጠበቅበትም። ስክሪፕቱ ካለቀ፣ ቀረጻው ካበቃ በኋላ ግን ገለጻ የሚገባበት ክፍት ቦታ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ 30ውን ሰከንድ ሙዚቃና ድምፅ ሞልቶታል። ያኔ የሚነሣው የተደራሽነት ጥያቄ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ገበያ አይሆኑም» የሚል ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላ ሀገሪቱ የመዘገባቸው አካል ጉዳተኞች ከ800 ሺህ ብዙም አይበልጡም፤ ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1998 ዓ.ም. ገደማ፣ ስለ ዓይን ጤና ብቻ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ግን ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ ሌላ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ጥናት ለብቻው ቆጠራው ለጉዳት ዓይነቶች ሁሉ ካገኘው አምስት እጥፍ ያህል አገኘ። ቆጠራ የሚያገኘው ቤተሰብ «አካል ጉዳተኛ» ብሎ የሚያስመዘግበውን ነው፤ ጆሯቸው የከበደ አያትና በሞራ ግርዶሽ ዓይናቸው የፈዘዘ አባት እዚያ ውስጥ አይገቡም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከአራቱ አንዱ ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር እንዳለበት ይገምታል። ቴሌቪዥን ፊት ረጅም ሰዓት ከሚቀመጡት፣ በቤቱ ወጪ ላይ ቃላቸው ከሚሰማው መካከል እነዚህ አሉ። ጥቅሙም በእነሱ አይወሰንም። የብሪታንያው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት የግርጌ ጽሑፍ ከሚጠቀሙት 7.5 ሚሊዮን ሰዎች ውስጥ 6 ሚሊዮኑ የመስማት ችግር የሌለባቸው ናቸው። በባንክ ወረፋ መጠበቂያ አዳራሽና በጫጫታ በተሞላ ካፌ ውስጥ ድምፁ ተዘግቶ የሚታየውን ቴሌቪዥን አስቡ። እዚያ ያለው ተመልካች ሁሉ ማስታወቂያ ሲመጣ የማይሰማ ሰው ነው፤ አስነጋሪው ድርጅት ግን ለዚያ ሰዓት ሙሉ ዋጋ ከፍሏል።

ስለ ወጪ ብዙ አልልም። አንድ ስፖት ለጸሐፊ፣ ለተዋናይ፣ ለካሜራ፣ ለሙዚቃ፣ ከሁሉም በላይ ለአየር ሰዓት ይከፈልበታል። ከተጻፈ ስክሪፕት ላይ ጽሑፍ ማስገባት የኤዲተሩ የሰዓታት ሥራ ነው፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ለውጦ ማንበብ ደግሞ ጭራሽ ወጪ የለውም። ይልቅ አክብጄ የማየው የዲዛይነሮቹን ቅሬታ ነው፤ ጽሑፍ ምስሉን ያጨናንቃል፣ ውበቱን ይገድላል ይላሉ። ግርግር የበዛበት ስክሪን ላይ ጽሑፍ ቢጨመር በእርግጥ ይጨናነቃል። ስክሪኑን ያጨናነቁት ግን የሚሽከረከሩት ዓርማዎች፣ ሦስት ዓይነት የፊደል ቅርጾችና በየሰከንዱ የሚለዋወጡት ምስሎች ናቸው፤ ጽሑፉ የመጣው በመጨረሻ ነው። ለጽሑፉ ቦታ አስቀድሞ የተተወለት ምስል ያምራል። ገደብ ባለበት ሁሉ ሙያተኛው ጥበቡን ያሳያል፤ 30 ሰከንድም ራሱ ገደብ ነው፣ ማስታወቂያ ሠሪዎች ግን ለምደውት እየተጠበቡበት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከራሳቸው መስማት ከተሳናቸው ወገኖች ሊመጣ የሚችለው ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም፤ ያገኙትም ቢሆኑ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፣ አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ በጽሑፍ የተማሩት ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ታዲያ የግርጌ ጽሑፉን ማን ሊያነበው ነው? ተቃውሞው እውነት አለው፤ ጽሑፍ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያረጋግጣል። ጽሑፍ አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ግን ከዚህ አይወጣም፤ ማንበብ የሚችለው መስማት የተሳነው ሰው ማንበብ ስላልቻለው ወንድሙ ተብሎ መረጃ አይከለከልም። የሚከተለው የምልክት ቋንቋም ይግባ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከጣቢያዎቻችን አዲስ ነገር እየጠየቅን አይደለም፤ በአንዳንድ የዜና እወጃዎች ጥግ አስተርጓሚ ማየት ከተለመደ ቆይቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ችግሩ የዜናውን አሠራር እንዳለ ወደ ማስታወቂያ ማዛወር አለመቻሉ ነው። በጥግ ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ውስጥ አስተርጓሚው የ30 ሰከንዱን የትረካ ውርጅብኝ ለመከተል ሲጣደፍ ጣቶቹ አይለዩም። መስኮቱ መስፋት፣ ትረካው መቀነስ አለበት። ከዚያ የተሻለው ደግሞ ምልክት ቋንቋ የሚናገረውን ሰው ከጥጉ አውጥቶ የታሪኩ ባለቤት ማድረግ ነው፦ ሻጭዋ ምልክት ቋንቋ ተናጋሪ ትሁን፣ ደንበኛው ይሁን፣ በቤተሰቡ ማዕድ ላይ ይኑር። ያኔ የሚሰማው ተመልካችም ይህን ቋንቋ በየቀኑ ያያል፤ መስማት የተሳናቸው ተዋንያንም ሥራ ያገኛሉ። ሁሉም ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ እዚህ ይድረስ አልልም። ከመንግሥት ተቋማት፣ ከጤና፣ ከባንክና ከምርጫ ማስታወቂያዎች ይጀመር፤ እነዚህ ላይ መረጃ ማጣት የሚያስከትለው ጉዳት ትልቅ ነው።

«ማስታወቂያ ሰውን ያለ ፍላጎቱ የሚያስገዛ ነገር ነው፣ ያልደረሰው ሰው ተረፈ» የሚሉም አሉ። ለማስታወቂያ ያላቸውን ጥርጣሬ እጋራለሁ። ግን አንድን ጥሪ ሰምቶ «አልፈልግም» ማለትና ጥሪው ፈጽሞ አለመድረሱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አለመግዛት የራሱ የሰውየው ውሳኔ መሆን አለበት። ማስታወቂያውን ሌላ ሰው ሲነግረው ደግሞ የሚደርሰው የነጋሪው ምርጫ ነው፤ የቤተሰቡ አባል የሚጠቅምህ አይደለም ብሎ ያለፈውን ብድር ወይም የሥልጠና ዕድል አያውቀውም። ትምህርትና ሥራ ይቀድማሉ ለሚሉትም መልሴ ይኸው ነው፤ የሥልጠናውና የሥራው ጥሪ ራሱ የሚነገረው በማስታወቂያ ነው፣ አንዱ የሌላው ተቀናቃኝ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን በቴሌቪዥን የሚሰራጭ ማስታወቂያ በድምፅ የሚለውን በጽሑፍ እንዲያሳይ፣ በጽሑፍ የሚያሳየውን ዋጋ፣ ቀን፣ ግዴታና አድራሻ ደግሞ በድምፅ እንዲናገር የሚያዝ መመሪያ ያውጣ፤ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የመሸጋገሪያ ጊዜ ይስጥ፣ በርዝመት ግን ማንንም ነፃ አያድርግ። ጣቢያዎች መመሪያውን መጠበቅ የለባቸውም፤ የምስሉን ጥራትና የድምፁን ከፍታ መርምረው ማስታወቂያ እንደሚቀበሉ ሁሉ ይህንንም የመቀበያ መስፈርታቸው ውስጥ ነገ ማስገባት ይችላሉ። መስማት የተሳናቸው ሰዎችና የዓይነ ስውራን ማህበራት ሥራው ካለቀ በኋላ ለምስጋና ከመጋበዝ ይልቅ ስክሪፕቱ ገና በረቂቅ ሳለ ተከፍሏቸው ይገምግሙት። ከእናንተ መካከል በዚህ ሳምንት የማስታወቂያ ስክሪፕት በእጁ ያለ ሰው ካለም አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠው፣ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይየው፤ የጎደለውን ሞልቶ ወደ ጣቢያው ይላከው።